ወፍራም ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ፤ ስለ «ደኅና ሰውነት» ያለን ልማዳዊ አስተሳሰብና የሕክምና ዕውቀት

በአገራችን ልማድ ሰው ከወዳጁ ጋራ ተለያይቶ ከቆየ በኋላ ሲገናኝ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ዐይኑን የሚጥለው በሰውነቱ ላይ ነው። ያገኛት ሴት ከስታ እንደ ሆነ «ምነው ጠቆርሽ፤ ምነው ከሳሽ፤ ምን አገኘሽ?» ብሎ ያዝንላታል፤ ሞላ ብላ፤ ፊቷ ወዝቶ ያገኛት እንደ ሆነ ግን «ተመችቶሻል» ብሎ ደስታውን ይገልጽላታል። ይህ ጸሐፊ ለትምህርት በቆየበት አገር ለሴት «ወፈርሽ» ብሎ መናገር ከስድብ የሚቈጠር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቃሉ ለብዙ ዘመን የምስጋና ያኽል ሲነገር ኖሯል፤ በከተማ ወጣቶች ዘንድ ትርጕሙ እየተለወጠ ቢሄድም በእናቶቻችን አፍ ዛሬም ምስጋና ነው።

ለዚህ አስተያየት ምክንያት አለው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓመተ ምሕረት ረኃብ ያየ ሕዝብ በሰው አካል ላይ የሚታየውን ሥጋ እንደ ሙሉ ጎተራ ቢቈጥረው የሚፈረድበት አይደለም። ከዚያም ወዲህ የኤች አይ ቪ በሽታ በተስፋፋበት ጊዜ ክሳት ራሱ የሕመም ምስክር ሆኖ ይታይ ስለ ነበረ፤ ወፍራም መሆን ከጥርጣሬ የሚያድን ሆነ። ነገሩ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በሞሪታንያ ልጃገረዶችን ለጋብቻ ለማድረስ ወተትና ገንፎ በግድ የማብላት ልማድ ነበር፤ ፈጽሞም አልጠፋም። በናይጄሪያ በካላባር አካባቢ የሚኖሩት የኤፊክ ሕዝብ ሙሽራይቱን በተለየ ቤት አስቀምጠው ያወፍሯት ነበር። ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ካራግዌ በደረሰ ጊዜ፤ በንጉሡ በሩማኒካ ዘመዶች ቤት በወተት የወፈሩ፤ ቆመው መሄድ የሚያቅታቸው ወይዛዝርት አይቶ ክንዳቸውንና ጭናቸውን በገመድ እስከ መለካት ደርሷል። (በራሳችን አገር በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት ቦዲዎች ግን በወተትና በደም የሚያወፍሩት ወንዶቹን ነው፤ ስለዚህ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው።) ሴቶቹን በሚመለከተው ልማድ ሁሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ለመውለድ የተዘጋጀ ሰውነት ስንቁን የያዘ ሰውነት ነው የሚል ነው።

ሐሳቡ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ሮዝ ፍሪሽ የተባሉት የሥነ ፍጥረት ሊቅ ከባልደረባቸው ጋራ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፤ የሴት የወር አበባ ተስተካክሎ እንዲመጣ ሰውነትዋ በቂ ስብ ማከማቸት እንዳለበት አስረድተዋል፤ እጅግ የከሳች ሴት የወር አበባዋ ይቋረጣል። ዳሩ ግን ስቡ ከመጠን ባለፈ ጊዜም የእንቍላሉ ሥርዐት ይታወካልና፤ አያቶቻችን ያዩት እውነት የአንዱን ወገን ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህ አስተሳሰብ ወደ እርጉዝ ሴት በደረሰ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ነው። ከዘመዶቼ አንዲቱ የመጀመሪያ ልጅዋን በፀነሰች ጊዜ ክብደትዋ ከ90 ኪሎ በላይ ነበር። አክስቶችዋ «እንዲህ ያለ ሰውነት ይዛ ምን ትሆናለች? ሐኪም ቤት የሚሄድ የታመመ ነው» እያሉ ሰባተኛ ወርዋ እስኪገባ ቤት አስቀመጧት። በመጨረሻ እግርዋ ስላበጠ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ደግሞ የደም ግፊት ሊለኩላት በክንድዋ ላይ የጠመጠሙት መጠቅለያ አጥሮ ሁለት ጊዜ ተፈታ፤ በሦስተኛው ጨምቀው አስረው ቍጥሩ ከፍተኛ ነው ተባለች፤ «በዚህ ውፍረት ምን አስረገዘሽ?» የሚል ቃልም ተጨመረላት። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ወደ ሐኪም አልተመለሰችም። በመጀመሪያ ምስጋናው፤ ቀጥሎም ተግሣጹ ከምርመራ አራቃት። ወደ ሌላ ሆስፒታል በሄደች ጊዜ በሰፊ መጠቅለያ ቢለኳት የደም ግፊትዋ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ማንም ያልመረመረው የደምዋ ስኳር ግን እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ልጅዋ በቀዶ ጥገና ሲወለድ 4 ኪሎ ከ300 ግራም መዘነ፤ ሁለት ቀን ስኳሩ እየወረደ ሐኪሞቹን አስጨንቆ ዳነ። እናትና ልጅ ዛሬ ደኅና ናቸው፤ ይህንም የምጽፈው በፈቃድዋ ነው።

የዚህ ዐይነት እናቶች ቍጥር እየጨመረ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ውስጥ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከመቶ 3 ብቻ የነበሩ ሲሆኑ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 8 ደርሰዋል፤ በከተማ ያሉትም ከገጠሮቹ በብዙ እጅ ይበልጣሉ። በዚሁ በ2016ቱ ጥናት ከመጠን በታች የከሱት ገና ከመቶ 22 ነበሩ። እንግዲህ አገሪቱ ሁለቱን ችግር በአንድ ጊዜ ተሸክማለች ማለት ነው፤ ሐኪሞቻችንና አዋላጆቻችንም ለረጅም ዘመን ሲማሩና ሲዘጋጁ የኖሩት የከሳችውን እናት ለመርዳት ስለ ሆነ፤ ወፍራሚቱ በተራዋ ስትቀርብ ብዙ ጊዜ ሳይመረምሩ ያልፏታል።

«ከመጠን ያለፈ» የሚባለው በምን ይታወቃል? ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት መለኪያ ቤልጅጋዊው ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ዓመታት ያወጣው ስሌት ነው። የሰውየው ክብደት በኪሎ ግራም፤ በሜትር በተለካው ቁመቱ ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ለምሳሌ ቁመትዋ 1 ሜትር ከ60፤ ክብደትዋ 80 ኪሎ የሆነች ሴት ውጤትዋ 31 ያኽል ነው። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ደኅና፤ ከ25 እስከ 30 ያለው ከመጠን ያለፈ፤ ከ30 በላይ ያለው በሐኪሞች ቋንቋ የውፍረት በሽታ ይባላል። ኬትሌ ራሱ ሐኪም አልነበረም፤ የሕዝብን አማካይ አካል ለማወቅ የፈለገ የቍጥር ሊቅ ነበርና፤ ቍጥሩ ስለ አንዲት ሴት ጤና ፍርድ ይሰጣል ብሎ መውሰድ አይገባም። የሚያገለግለው ማንን ቀደም ብሎ መመርመር እንደሚገባ ለማመልከት ነው። ክብደቱም መወሰድ ያለበት ከእርግዝና በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ኋላ ከሆነ ጽንሱና ውሃው አብሮ ይመዘናል።

አሁን ወደ ልማዳችን እንመለስ፤ በዚህ ረገድ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሥርዐቶች አሉና። አንደኛው «አሁን ብቻሽን አይደለሽም፤ ብዪ» የሚለው ነው። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች የተመኘችው ነገር በልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል ተብሎ ስለሚታመን፤ ጎረቤት ሁሉ ያማራትን ሊያቀርብላት ይሽቀዳደማል። ይህ አምሮትን የማክበር ልማድ እርጉዝን በማኅበር የመንከባከቢያ መልካም መንገድ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ሁለተኛው ሥርዐት ግን የተከለከለ ምግብ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል እርጉዝ ሴት ወተት፤ ሙዝ፤ ማር፤ ተልባና ሌላም ምግብ እንዳትበላ ትመከራለች፤ ምክንያቱም ምግቡ በልጁ ራስና ገላ ላይ ይለጠፋል፤ ወይም ልጁን አወፍሮ ወሊዱን ያከብደዋል ይባላል። ሕፃኑ ሲወለድ በቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት የዚህ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ያ ቅባት የጽንሱ ቆዳ ራሱ የሚያመነጨው መከላከያ ነው፤ ከእናቲቱ ወተት ጋራ አንዳች ግንኙነት የለውም።

ሆኖም የተከለከለውን ምግብ ትተን ፍርሀቱን ብንመረምር፤ ከበስተኋላው በብዙ ትውልድ የተከማቸ እውነተኛ ማስተዋል እናገኛለን። ሐኪም በሌለበት ቀዬ ትልቅ ልጅ ማለት ሞት ነበር። ራሱ ወጥቶ ትከሻው የሚቀር ልጅ፤ ምጡ ሦስት ቀን የሚፈጅባት እናት፤ ከዚያም ሽንት መቈጣጠር የሚያሳጣው የፊስቱላ ጕዳት፤ ይህን ሁሉ አያቶቻችን በዐይናቸው አይተዋል። የተሳሳቱት ልጁን የሚያተልቀው ወተቱና ሙዙ ነው ባሉ ጊዜ ነው።

ዋናው ምክንያት ፔደርሰን የተባሉት የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የገለጹት ነው። በእርግዝና ጊዜ እንግዴ ልጁ ልዩ ልዩ ሆርሞኖች እያመነጨ ወደ እናቲቱ ደም ይልካል። እነዚህም የእናቲቱ ኢንሱሊን፤ ማለት ከቆሽት የሚወጣው ስኳርን ወደ ሥጋ የሚያስገባው ቅመም፤ እንደ ልማዱ እንዳይሠራ ያዳክሙታል። ይህ በተፈጥሮ የታሰበ ነው፤ ስኳሩ በእናቲቱ ደም ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ለጽንሱ እንዲተርፍ ነው። የእናቲቱ ቆሽት ሥራውን አብዝቶ ነገሩን ያመዛዝነዋል። በወፍራም ሴት ሰውነት ውስጥ ግን ኢንሱሊኑ ከእርግዝናው በፊት የተዳከመ ስለ ሆነ፤ የእንግዴ ልጁ ጫና ሲጨመርበት ቆሽትዋ መቋቋም ይሳነዋል፤ ስኳሩም በደምዋ ውስጥ ከልክ በላይ ይከማቻል። ስኳሩ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ጽንሱ በራሱ ቆሽት ኢንሱሊን ማብዛት ግድ ይሆንበታል። ይህም ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ስብ እየለወጠ በትከሻውና በሆዱ ላይ ያከማቸዋል። ልጁ ተወልዶ እትብቱ በተቈረጠ ጊዜ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ስኳር በድንገት ይቋረጣል፤ የራሱ ኢንሱሊን ግን ገና ብዙ ነውና የደሙ ስኳር ይወርዳል። የዘመዴን ልጅ ያገኘው ይኸው ነው። ትልቅ ሆኖ መወለዱ ለጎረቤት የሚያስደንቅ ሲሆን፤ ለአዋላጅዋ ግን በየሰዓቱ ስኳሩ መለካት ያለበት ልጅ ነበር።

ይህ የእርግዝና ስኳር በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። እናቲቱ አይሞቃት፤ አይበርዳት፤ እንዲያውም ፊቷ ይወዛል። ስለዚህ በመልክዋ ሊታወቅ አይችልም፤ በምርመራ ብቻ ነው። ኦሳሊቫንና ማሃን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ባደረጉት ጥናት፤ እርጉዞችን ግሉኮስ አጠጥቶ ደማቸውን በየሰዓቱ የመለካትን ሥርዐት መሠረቱ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የሚሠራበት እንዲህ ነው። ሴቲቱ ሌሊቱን ሳትበላ አድራ ጠዋት ደምዋ ይለካል፤ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጣ ትጠጣና ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደ ገና ትለካለች። በባዶ ሆድ 92፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ይበቃል። የተለመደው ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ነው፤ ለወፍራም ሴት ግን በመጀመሪያው ቀጠሮ የደምዋን ስኳር መለካት ተገቢ ነው፤ ሳታውቀው ቀድሞ የያዛት ስኳር ሊኖር ይችላልና። ይህ እንዲሆን መጀመሪያውን ቀጠሮ ከ12ኛው ሳምንት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። በ2016ቱ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ውስጥ ወደ ጤና ተቋም የሄዱት የአገራችን እርጉዞች ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ።

በሽታው ከተገኘ መደንገጥ አይገባም። ብዙዎቹ ምግባቸውን በማስተካከልና በእግር በመሄድ ብቻ ይመለሳሉ፤ ያልተመለሰላቸውም መድኃኒት አለ።

አንድ የተሳሳተ ግምት ግን ማረም አለብኝ፤ እርሱም ወፍራም ሴት የምግብ እጦት የለባትም የሚለው ነው። ስብ የተከማቸ ኃይል ነው እንጂ ብረት ወይም ቫይታሚን አይደለም። ነጭ ዳቦ፤ ስኳር የበዛበት ሻይና ዘይት በብዛት የምትመገብ ሴት ክብደትዋ እየጨመረ ደምዋ ሊያንስ ይችላል። ለሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሠረሠር መገጣጠም የሚያስፈልገው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚንም በወፍራም ሴቶች ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ አንሶ ይገኛል፤ ሕብለ ሠረሠራቸው ሳይገጥም የሚወለዱ ሕፃናትም ከወፍራም እናቶች ዘንድ በርከት ይላሉ። ይህ መገጣጠም የሚፈጸመው ከፀነሰች በኋላ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀኖች ገደማ፤ ማለት ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ክኒኑ መጀመር ያለበት ለመፀነስ ከታሰበበት ጊዜ አንሥቶ ነው። የተለመደው መጠን በቀን 0.4 ሚሊግራም ሲሆን፤ በእንግሊዝ አገር ያሉት የማኅፀን ሐኪሞች ማኅበር መለኪያዋ ከ30 በላይ ለሆነች ሴት 5 ሚሊግራም ከእርግዝናው አንድ ወር ቀድሞ እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሰጣት ይመክራል። የትኛው እንደሚገባት ሐኪምዋ ይወስን።

ክብደትን ስለ መቀነስ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። መቀነስ የሚጠቅመው ከእርግዝና በፊት ነው፤ ጥቂት ኪሎ እንኳ ቢሆን የደም ስኳሩንና ግፊቱን ያሻሽላል። ከፀነሱ በኋላ ግን ራስን አስርቦ ለመክሳት መሞከር ጽንሱን ይጎዳል። የሚገባው የሚጨመረውን መመጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ባወጣው መመሪያ፤ ክብደትዋ ደኅና የሆነች ሴት በእርግዝናዋ ሁሉ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፤ ከ25 እስከ 30 ያለችው ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ፤ ከ30 በላይ የሆነችው ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይበቃታል። ሕፃኑ ከ3 ኪሎ በላይ፤ እንግዴ ልጁና ውሃው ተደምረው አንድ ኪሎ ተኩል ያኽል ይመዝናሉ፤ የማኅፀንዋ መፋፋትና የደምዋ መብዛት ይጨመርበታል። የቀረው በሌላይቱ ሴት ላይ ለጡት ማጥባት የሚከማች ስብ ነው፤ ወፍራሚቱ ግን ያን ስንቅ አስቀድማ ይዛዋለች።

ስለ ምግቡ ከአገራችን ማዕድ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። የጤፍ እንጀራ በልኩ፤ ምስር፤ ሽሮ፤ ጎመን፤ ዕንቍላል፤ ወተት ሁሉ ይበላል። የሚቀነሰው ለስላሳ መጠጥ፤ በሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳር፤ ጣፋጭ ዳቦና ኬክ፤ በወጥ ላይ የሚፈሰው ዘይት ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋራ ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉና ከማዕዱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራቅ ይሻላል። ጾምን በሚመለከት፤ እርጉዝና አራስ ሊፈቀድላቸው እንደሚችል የቤተ ክርስቲያን አባቶች ያስተምራሉ፤ ነገር ግን ብዙ እናቶች በልባቸው ስለሚከብዳቸው ይጾማሉ። በእስልምናም እርጉዝ ሴት ለራስዋ ወይም ለልጅዋ የፈራች እንደ ሆነ ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ ልታስተላልፈው ተፈቅዶላታል። ስኳር የተገኘባት ወይም መድኃኒት የምትወስድ ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድዋን መቆየት አይገባትም፤ ይህን ከንስሓ አባትዋና ከሐኪምዋ ጋራ ብትነጋገርበት ሁለቱም ይስማማሉ እንጂ አይጣሉም።

ሥራ ምጥን ያቀላል የሚለው የባላገር እምነት በዚህ ረገድ ከከተማው ልማድ ይሻላል። በከተማ ለተመቻት እርጉዝ «አትነሺ፤ አትንኪ» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሐኪም ላልከለከላቸው እርጉዞች በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ነው። ከሠፈር ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር የምትመላለስ ሴት ይህን ያኽል ሳታስበው ትፈጽመዋለች።

የደም ግፊትን ነገር ከላይ ጀምሬው ነበር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት፤ በሽንት ውስጥ ከሚገኝ ፕሮቲን ጋራ፤ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን አደገኛ በሽታ ያመለክታል። ይህ በሽታ በወፍራም ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ካልተያዘም ወደ መንቀጥቀጥና ራስን ወደ መሳት ያደርሳል። ስለዚህ ልኩ ትክክለኛ መሆን አለበት። የክንድዋ ዙሪያ ከ34 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ ሴት የተለመደው መጠቅለያ ይጠብባታል፤ ጠባብ መጠቅለያም ግፊቱን ከእውነተኛው አስበልጦ ያሳያል። ያን ጊዜ ያልታመመችው ታማለች ተብላ መድኃኒት ትጀምራለች። ወይም ሐኪሙ «ክንድዋ ወፍሮ ነው» ብሎ እውነተኛውን ከፍታ ይንቀዋል፤ ይህ ከፊተኛው የባሰ ነው። ሰፊ መጠቅለያ ውድ ዕቃ አይደለም፤ በእኔ አስተያየት የእናቶች ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ ሁሉ አንድ ሊኖረው ይገባል። እርጉዝዋም «ሰፊው ይምጣልኝ» ብላ ለመጠየቅ አትፈር። ብርቱ ራስ ምታት፤ የዐይን ብዥታ፤ ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፤ የፊትና የእጅ እብጠት ሲመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ነው። እብጠቱን «ወፈረች» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ሌላም ምክንያት ተጨምሮ አደጋው ለሚበዛባት ሴት ሐኪሞች ከ12ኛው ሳምንት አንሥቶ ጥቂት አስፕሪን ያዝዛሉ፤ በራስ ፈቃድ ግን አይወሰድም።

ወፍራም ሴቶች በርካታዎቹ በምጥ በሰላም ይወልዳሉ። ቢሆንም በሆድዋ ላይ ያለው ስብ የአልትራሳውንዱን ምስል ስለሚያደበዝዝ፤ አዋላጅዋም በእጅዋ ዳስሳ የልጁን መጠንና አቀማመጥ ለማወቅ ስለሚቸግራት፤ በቀዶ ጥገና መርዳት በሚቻልበት ሆስፒታል ብትወልድ ይመረጣል። መንገዱ ሩቅ ለሆነባቸው በልዩ ልዩ ጤና ተቋሞች የተሠሩ የእናቶች ማቆያ ቤቶች አሉ።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የአራስ ቤት ልማድ ነው፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ የምትገባበት አራስ ቤት፤ ገንፎው፤ አጥሚቱ፤ ሙክቱ፤ ቅቤው ሁሉ ደምዋን ላፈሰሰችና ለከሳች እናት የተሠራ መድኃኒት ነበር። ሥራ የማይፈታላትን የባላገር ሴት ቢያንስ ለጥቂት ሳምንት የሚያሳርፋት ሌላ ሕግ አልነበረምና፤ ልማዱን የሠሩት ሰዎች ጥበበኞች ናቸው። ለወፍራም አራስ ግን፤ ይልቁንም በቀዶ ጥገና ለወለደችው፤ ተኝቶ መክረም አደገኛ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ደም በእግር ሥር ውስጥ ሊረጋ፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ውፍረትና አለመንቀሳቀስ ይህን ያባብሱታል። በተወለደበት ቀን ወይም በማግስቱ ተነሥታ በክፍልዋ ውስጥ ትመላለስ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ቢያማት፤ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥራት ወዲያው ሐኪም ቤት ትወሰድ። ገንፎውን ትብላ፤ ጎረቤትም ይሰብሰብ፤ ቅቤው ይቀነስ፤ ዕንቍላልና ጎመን ይጨመር።

ጡት ማጥባትን በሚመለከትም ለወፍራም እናት ወተቱ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ሊወርድ ይችላል። በብዙ ቦታ ደግሞ እንገሩን አልቦ መጣልና ለሕፃኑ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እናቲቱ «ወተት የለኝም» ብላ ተስፋ ትቈርጣለች። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ቢይዝና ደጋግሞ ቢጠባ ወተቱ ይመጣል፤ እንገሩም ስኳሩ ለሚወርድበት ሕፃን የመጀመሪያ ምግቡ ነው።

በእርግዝናዋ ስኳር የተገኘባት ሴት ከወለደች በኋላ በአብዛኛው ስኳሩ ይለቃታል፤ ነገር ግን በኋለኛው ዕድሜዋ ዘላቂው የስኳር በሽታ ሊይዛት የሚችል ስለ ሆነ፤ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራሙን ግሉኮስ እንደ ገና ጠጥታ መመርመር አለባት። አብዛኞቹ ይህን ቀጠሮ ይረሱታል። ስድስት ሳምንት 42 ቀን፤ ዐሥራ ሁለት ሳምንት 84 ቀን ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዐት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፤ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉና፤ የወንድ እናት ከክርስትናው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፤ የሴት እናት ደግሞ ከክርስትናው አስቀድማ ወይም በዚያው ሳምንት ሳታሳልፈው፤ ድግሱን የሚያዘጋጁት ዘመዶችዋ ለአንድ ጠዋት ሕፃኑን ይዘውላት በባዶ ሆድዋ ወደ ሐኪም ቤት ደርሳ ልትመለስ ትችላለች።